ድንጋዩ የማን ነበር?

ሜክሲኮ አደባባይ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የታክሲ ሰልፍ ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅም የማያውቅም አለ፤ ታሪኩ ግን አጭር ነው። ጣሊያን በ1936 «ኢትዮጵያን ይዣለሁ» ብላ ስታውጅ ብዙ መንግሥታት ቀስ በቀስ ነገሩን ተቀበሉት። ሜክሲኮ አልተቀበለችም። ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር የወከላት ኢሲድሮ ፋቤላ ስለ ኢትዮጵያ ተሟገተ። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይ ያለን፣ ሜክሲኮ ሲቲም ውስጥ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የሜትሮ ጣቢያ ያለው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በጉልበት መያዝ ባለቤት አያደርግም፤ የሜክሲኮ አቋም ሲጨመቅ ይኸው ነበር። ያችው ሜክሲኮ ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ አንድ የራሷ መንደር ውስጥ ወታደር አስገብታ የመንደሩን ድንጋይ ጭና ወሰደች። ድንጋዩ የተፈለገው ለሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ደግሞ ኮሎምበስ ሳይመጣ በፊት በዚያ ምድር የኖሩ ሕዝቦችን ሥራ ለማክበር የተሠራ፣ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቆች አንዱ ነው።

እና እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ የሚወስደው ባዕድ ሲሆን ዘረፋ፣ የራስ መንግሥት ሲሆን ጥበቃ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

*

ከሜክሲኮ ሲቲ በስተምሥራቅ፣ ቴስኮኮ ከሚባል ከተማ አጠገብ፣ ሳን ሚጌል ኮአትሊንቻን የምትባል መንደር አለች። ከመንደሯ ወጣ ብሎ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አንድ ግዙፍ የተጠረበ ድንጋይ ለዘመናት በጀርባው ተጋድሞ ኖሯል። ቁመቱ 7 ሜትር፣ ክብደቱ 167 ቶን ገደማ ነው። ከሮም የተመለሰልንን የአክሱም ሐውልት ያህል ይመዝናል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሐውልታችን ረጅምና ቀጭን፣ ይሄኛው አጭርና ደንዳና መሆኑ ነው።

ምሁራን «የዝናብ አምላክ የትላሎክ ምስል ነው» ይላሉ። «የለም፣ የውኃ እመቤት የቻልቺውትሊኩዌ ናት» የሚሉም አሉ። የመንደሩ ሰዎች ግን የራሳቸው ስም ነበራቸው፤ «የቅሎቹ ድንጋይ» ይሉታል። ላዩ ላይ እንደ ቅል የጎደጎዱ፣ ውኃ የሚያቁሩ ቦታዎች ስላሉት ነው። ልጆች ይወጡበት፣ ቤተሰብ ምግብ ይዞ ሄዶ ይውልበት ነበር። ከዝናብ ጋር ያገናኙትም ነበር።

በዚህ መሀል መንግሥት ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ፣ ቻፑልቴፔክ በሚባለው ሰፊ መናፈሻ፣ አዲስ የብሔራዊ አንትሮፖሎጂ ሙዚየም መገንባት ጀመረ። አርክቴክቱ ፔድሮ ራሚሬስ ቫስኬስ ነበር። በሩ ላይ የሚቆም፣ መንገደኛውን ሁሉ ቀና ብለህ እየኝ የሚል ነገር ተፈለገ። ምርጫው የኮአትሊንቻን ድንጋይ ሆነ።

ለመንደሩ ተስፋ ተሰጠ፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መንገድ። ድንጋዩን የሚሸከም ብዙ ጎማ ያለው ልዩ ሎቤድ ተሠራ፤ ድንጋዩን ከመሬት የሚያነሳ የብረት ማንጠልጠያም ተተከለ። ሥራው ሊያልቅ ሲል የመንደሩ ሰዎች ተነሱ። ማንጠልጠያውን አበላሹ፣ መኪናውን እንዳይንቀሳቀስ አደረጉ። መልሱ ወታደር ነበር። ኤፕሪል 16 ቀን 1964 ድንጋዩ ተጭኖ ወጣ።

ማታ ሜክሲኮ ሲቲ ሲደርስ ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ ተቀበለው። ገና ክረምት ሳይገባ ኃይለኛ ዝናብም ወረደ። ከተሜው ይህን ዝናብ እስከ ዛሬ እንደ ተአምር ያወራዋል። መንደሩ ውስጥ ግን «ድንጋዩ ከሄደ ወዲህ ዝናቡም አብሮ ሄደ» የሚሉ ነበሩ። አንድ ዝናብ ነው፤ አንዱ ጋ በረከት፣ ሌላው ጋ ስንብት ሆነ።

*

ቆም ብዬ ስለ ዋጋው ልናገር፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

መንግሥት «ዝም ብዬ አልወሰድኩም፣ ካሣ ሰጥቻለሁ» ማለት ይችላል። ካሣው ምን ነበር? ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መንገድ። እንግዲህ እነዚህ ነገሮች ምንድን ናቸው? ግብር ለሚከፍል ዜጋ ድንጋይ ቢኖረውም ባይኖረውም የሚገቡት ነገሮች አይደሉም እንዴ? ድንጋይ የሌለው ጎረቤት መንደር ትምህርት ቤት ሲሠራለት በምን ከፈለ? መብቱ የሆነውን ነገር ለሰው እንደ ዋጋ ቆጥረህ ከሰጠኸው ሁለት ጊዜ ወስደህበታል፤ አንዴ ድንጋዩን፣ አንዴ ደግሞ መብቱን።

ሁለተኛው ነገር ፈቃድ ነው። «ተነጋግረናል፣ ተስማምተዋል» ይባላል። ስምምነት ስምምነት የሚሆነው እምቢ ማለት የሚቻል ሲሆን ብቻ ነው። ኮአትሊንቻን እምቢ አለች፤ የመጣላት ወታደር ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተባለው «እሺ» ምን ያህል እሺ እንደነበረ ከዚያ ወዲያ መገመት አይከብድም። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እዚህ ጋ ያየነው ንቀት ደግሞ የሚያስገርም ዓይነት ነው፤ ሥራውን እያደነቁ፣ አብሮት የኖረውን ሰው መናቅ።

*

ይሄ ንቀት በ1964 አልተጀመረም። የሙዚየሙ ታሪክ ራሱ ከድንጋይ ጋር ነው የሚጀምረው።

በ1790 ሜክሲኮ ገና የስፔን ቅኝ ግዛት ሳለች የዋናው አደባባይ መሬት ሲስተካከል ቆፋሪዎች ሁለት ነገር አገኙ። ኦገስት 13 የአማልክት እናት የምትባለውን የኮአትሊኩዌን ሐውልት አወጡ፤ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ የሆነች፣ ቀሚሷ የእባብ ጉንጉን፣ የአንገት ጌጧ የሰው እጅና ልብ። ዲሴምበር 17 ደግሞ ዛሬ በሳንቲም ላይ ሳይቀር የምናየውን፣ 24 ቶን የሚመዝነውን የፀሐይ ድንጋይ አገኙ። አንቶኒዮ ዴ ሊዮን ኢ ጋማ የተባለ ሊቅ በ1792 ስለ ሁለቱም መጽሐፍ አሳተመ።

የፀሐይ ድንጋይ በካቴድራሉ ማማ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለሕዝብ ታየ። የኮአትሊኩዌ ዕጣ ግን ሌላ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ተወሰደች፤ እዚያ እንደቆመች የአገሩ ነባር ሰዎች አበባና ሻማ ይዘው ወደ እሷ መምጣት ጀመሩ። ከስፔን ወረራ ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከተሰበኩ በኋላ፣ አሁንም የሚያውቋት ሰዎች ነበሩ! ባለሥልጣናቱ ደነገጡ። መልሰው ቀበሯት።

ጀርመናዊው ሊቅ ሁምቦልት በ1803 ወደ ሜክሲኮ መጥቶ ማየት ሲፈልግ ተቆፍራ ወጣች፤ አይቶ ሲጨርስ እንደገና ተቀበረች። በ1823 እንግሊዛዊው ዊልያም ቡሎክ ሲመጣ ደግሞ ወጣች፤ በጄሶ ቅጂዋን ወስዶ በማግሥቱ ዓመት ለንደን ላይ ለትርዒት አቀረበው። እሷ ግን እንደገና ወደ አፈር።

እስቲ አስቡት። ለፈረንጅ ሊቅ ትወጣለች፣ ለለንደን ተመልካች ቅጂዋ ይሄዳል፣ ሻማ ይዞ ለሚመጣው ግን ትቀበራለች። ችግሩ መታየቷ አልነበረም። ችግሩ ማን እንደሚያያትና ምን ብሎ እንደሚያያት ነው። «የጥንት ሥራ» ብሎ የሚያያት ይግባ፤ «እናቴ» ብሎ የሚያያት ይውጣ። እኔ እንደሚመስለኝ ሙዚየም የሚባል ነገር በዚያ አገር የተወለደው በ1825፣ ነፃ የወጣችው ሜክሲኮ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጓዳሉፔ ቪክቶሪያ ብሔራዊ ሙዚየም ይቋቋም ብሎ ሲያዝ አይደለም። ያቺ ሐውልት ዳግም የተቀበረች ቀን ነው የተወለደው።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤት ለውጥ ታሪክ ነው። በ1865 ሙዚየሙ ወደ ቀድሞው የገንዘብ ማተሚያ ቤት ተዛወረ። በ1885 የፀሐይ ድንጋይ ከካቴድራሉ ወርዶ እዚያ ገባ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1964 ፕሬዚዳንት አዶልፎ ሎፔስ ማቴኦስ የቻፑልቴፔኩን አዲሱን ሕንፃ መረቀ። በግቢው መሀል በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ የቆመ፣ ዙሪያውን ውኃ የሚያዘንብ ትልቅ ጣሪያ አለ፤ ሰዉ «ጃንጥላው» ይለዋል። ምድር ቤቱ ያለፉት ሥልጣኔዎች ነው፤ ማያ፣ ቴኦቲዋካን፣ ኦልሜክ፣ አዝቴክ። ፎቁ ዛሬ በሕይወት ስላሉት ነባር ሕዝቦች ነው፤ ልብሳቸው፣ ቤታቸው፣ የእጅ ሥራቸው። ጎብኚው ምድር ቤቱን ዞሮ ሳይጨርስ እግሩ ይዝላል። ሙታኑ ከታች በክብር፣ ሕያዋኑ ከላይ፣ ጉልበት ለተረፈው።

*

ለሙዚየሙም ፍትሕ ልስጥ። «ሁሉም ነገር ባለበት ይቅር» ማለት ቀላል ነው፤ ባለበት የቀረ ሁሉ ግን ባለበት አይቆይም። መቃብር ቆፍረው ለሰብሳቢ የሚሸጡ ሰዎች በላቲን አሜሪካ ሞልተዋል። ተቆፍሮ የተሸጠ ዕቃ ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚናገርለት የለም፤ ታሪኩ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል። በ1952 አልቤርቶ ሩስ ፓሌንኬ ላይ የማያውን ንጉሥ የፓካልን መቃብር ሲያገኝ ከምሁር በፊት ሌባ ደርሶበት ቢሆን ኖሮ የንጉሡ የጄድ ጭምብል ዛሬ የአንድ ባለጸጋ ሳሎን ጌጥ ይሆን ነበር። ሜክሲኮ በ1972 ያወጣችው ሕግ የአርኪዮሎጂ ቅርስ ሁሉ የአገር ንብረት ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ሲል ብዙ ነገር አድኗል። እሁድ እሁድ ዜጎች በነፃ ይገባሉ። የገበሬ ልጅ የፀሐይ ድንጋይን በዓይኑ ያያል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን «ሙዚየም ውስጥ ካለ ደህና ነው» የሚለውንም አጥብቀን አንያዝ። በ1985 የገና ሌሊት ሁለት ወጣት ተማሪዎች እዚሁ ሙዚየም ገብተው ከመቶ በላይ ቅርስ፣ የፓካልን ጭምብል ጨምሮ፣ ይዘው ወጡ። ጠባቂዎቹ ያወቁት ጠዋት ነው። አገር ምድሩ «ዓለም አቀፍ የወንበዴ ቡድን ነው» ሲል፣ የንጉሡ ጭምብል አንድ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አብዛኛው ቅርስ የተገኘው በ1989 ነው።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የተገላቢጦሹ ሆኗል። በ1982 አንድ ሜክሲኳዊ ፓሪስ ካለው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቶናላማትል የሚባለውን ጥንታዊ የአዝቴክ መጽሐፍ ሰርቆ አገሩ አስገባ። መጽሐፉን አንድ ፈረንሳዊ ነበር በ1840 ከሜክሲኮ ይዞት የወጣው። ፈረንሳይ «መልሱ» አለች፤ ሜክሲኮ አልመለሰችም። ብዙ ሰው ወጣቱን እንደ ጀግና ነው ያየው። እኔም ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማ «እሰይ!» ነው ያልኩት፤ አሁንም ሙሉ ለሙሉ አልተውኩትም።

ቪየና ደግሞ ሞክቴሱማ ለተባለው ንጉሥ ነው የሚባል የላባ ዘውድ አለ። በእርግጥ የእሱ ስለመሆኑ ምሁራን ይጠራጠራሉ፤ ከሜክሲኮ ስለመሄዱ ግን ጥያቄ የለም። ቻፑልቴፔክ ያለው ቅጂው ነው። በ2020 ሜክሲኮ ቢያንስ በውሰት እንዲመጣ ጠየቀች። የቪየና መልስ የቆየ ነው፤ ላባው ተሰባሪ ነው፣ በጉዞ ንዝረት ይጎዳል፣ እዚህ በደንብ ተይዟል።

«እዚህ በደንብ ተይዟል።» ይህን ነገር ቀደም ብለን አልሰማነውም? ኮአትሊንቻን ከሙዚየሙ የሰማችው ያንኑ ነው። ሙዚየሙ ከቪየና ሲሰማው ቆሰለ፤ ለመንደሩ ሲናገረው ግን እንክብካቤ መሰለው። መንደሩ አደባባይ ላይ ዛሬ የቆመው የድንጋዩ ቅጂ ነው። ቪየና ዋናውን ይዛ ሜክሲኮ ሲቲ ቅጂ አላት፤ ሜክሲኮ ሲቲ ዋናውን ይዛ ኮአትሊንቻን ቅጂ አላት።

*

«አገርና ቅኝ ገዢ አንድ ናቸው ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አይደሉም። ልዩነቱን እንዲህ ነው የማየው። አገር ከቪየና ፊት ቆማ «የእኛ ነው» ስትል ያንን ቃል የተበደረችው ከሆነ ቦታ ነው፤ ከሠሩት፣ ከጠበቁት፣ አብረውት ከኖሩት ሰዎች። ያለ እነሱ መንግሥት ከላባው ጋር ምን ዝምድና አለው? ስለዚህ መንግሥት በእነሱ ስም ጠይቆ በእነሱ ላይ ከወሰደ፣ የተበደረውን ቃል በአበዳሪው ላይ አዞረው ማለት ነው። የሜክሲኮ ጥያቄ ለቪየና ትክክል ነው። ትክክል የሚያደርገው ምክንያት ግን ኮአትሊንቻንም ውስጥ ይሠራል። ወደ ላይ ብቻ የሚጠየቅ ፍትሕ፣ ወደ ታች የማይሰጥ ከሆነ፣ የተራ ጉዳይ ነው እንጂ ፍትሕ አይደለም።

ገጣሚው ኦክታቪዮ ፓስ በ1970 ባሳተመው «ፖስዳታ» ይህን ሙዚየም ክፉኛ የተቸው በዚህ አካባቢ ባለ ስሜት ይመስለኛል። የአዝቴክ አዳራሽ መሀል ላይ ነግሦ መቀመጡ፣ መንግሥት ራሱን የሚያይበት መስተዋት ነው የሚል ነገር ነው ሐሳቡ። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1968፣ ወታደሮች በትላቴሎልኮ አደባባይ ሰልፈኛ ተማሪዎችን ገድለዋል፤ ፓስም በሕንድ አምባሳደርነቱን ጥሎ ወጥቷል። የሞተውን ቅድመ አያት የሚያከብር መንግሥት ሕያው ልጁን ያከብራል ማለት እንዳልሆነ ያየ ሰው ነው።

«እንግዲያው እያንዳንዱ መንደር እምቢ ካለ ሙዚየም የሚባል ነገር አይኖርም» ሊባል ይችላል። ምናልባት ያነሰ ሙዚየም ይኖራል። ብዙ ቅርስ ደግሞ ዛሬ አብሮት የሚኖር፣ ስም የሚያወጣለት ሰው የለውም፤ ለእሱ ሙዚየም ጥሩ ቤት ነው። የፓካል ጭምብል እንዲያ ነው ብዬ አስባለሁ። «የቅሎቹ ድንጋይ» ብሎ የሚጠራው፣ ልጁን ይዞ የሚሄድለት ሰው ያለው ድንጋይ ግን የጠፋ ዕቃ አይደለም። ማንም «አገኘሁት» ሊል አይችልም፤ ጠፍቶ አያውቅማ።

*

ይሄ ነገር እኛንም ይነካል። እንግሊዞች በ1868 ከመቅደላ የዘረፉትን ስንጠይቅ፣ በ1937 ወደ ሮም የተጫነው ሐውልት በ2005 ተመልሶ አክሱም ሲገባ ስናለቅስ፣ ትክክል ነበርን። ግን «ይመለስ» ስንል ለማን ብለን አስበናል? ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን 11 ታቦታት ውሰዱ፤ ለእይታ አይቀርቡም፣ ሠራተኞቹም አያዩዋቸውም። ታቦት ተመልሶ አዲስ አበባ በመስታወት ሣጥን ቢቀመጥ ማንኛችንም «ተመለሰ» አንልም። ቦታው መቅደስ ነው፤ ባለቤቱ የሚያገለግለው ሰው ነው። ስለ ታቦት ይሄ ወዲያው ይገባናል። ስለ ሌላው ነገር፣ ከገጠር ወጥቶ ዋና ከተማ ስለተቀመጠው ሁሉ፣ ያንኑ ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ብዙም አንቸኩልም። የተጠየቀ ሰው ነበር? እምቢ ማለት ይችል ነበር? ቅርሱን ለማየት ስንት ሰዓት አውቶቡስ ይቀመጣል?

167 ቶን ነገ ተጭኖ ወደ ኮአትሊንቻን ይመለስ የምል አይደለሁም። መንደሩ ራሱ ምን እንደሚፈልግ መንደሩ ይናገር። እኔ የምለው ከዚያ ያነሰ፣ ግን የማይታለፍ ነገር ነው። ሙዚየም የቅርሱን ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት እንደሚጽፍ ሁሉ አመጣጡንም ይጻፍ። ማን ሰጠ? ማን ሸጠ? ማን ሰረቀ? ማን እምቢ ብሎ ወታደር መጣበት? ይህን ለመጻፍ ክሬንም ሎቤድም አያስፈልግም። ድንጋዩን ቀና ብሎ የሚያይ ልጅ የአምላኩን ስም አንብቦ ሲጨርስ፣ ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ የመንደሩን ስም ቢያገኝ ይበቃኛል።